ለድሃ ተቀይሶ ሀብታም የወረሰው ሰፈር፦ የሃምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ ጉዳይ

በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር፣ በሃምፕስቴድና በጎልደርስ ግሪን መካከል፣ ማንም የማይወርድበት አንድ ጣቢያ አለ። ስሙ ኖርዝ ኤንድ ነው። ዋሻው ተቆፍሮ፣ የተሳፋሪ መቆሚያው ቦታ ወጥቶለት ሳለ በ1906 ሥራው ቆመ። እስከ ዛሬ አንድ ትኬት አልተቆረጠበትም። ባቡሮቹ በጨለማው ውስጥ ሽው ብለው ያልፉታል።

ጣቢያው የታሰበው ከላዩ ባለው ሜዳ ላይ ይሠራሉ ለተባሉ ቤቶች ነበር። ቤቶቹ አልተሠሩም። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ። ሰው በሌለበት ጣቢያ መክፈት ደግሞ ኪሳራ ነው። ለዚህ ሁሉ ዋናዋ ምክንያት አንዲት የቄስ ባለቤት ናቸው፤ ወይዘሮ ሄንሪዬታ ባርኔት። ሜዳውን ከግንበኛ አስጥለው ከጎኑ አንድ ሰፈር ቆረቆሩ። ሃምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ ይባላል። ነዋሪዎቹ በአጭሩ "ሰበርብ" ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰበርብን ለጉዳይ ጥናት የመረጥኩት ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። ቆንጆ ሰፈር ሞልቷል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። መንገዶቹም ቤቶቹም ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነኩ ቆይተዋል ማለት ይቻላል። የተሠሩላቸው ሰዎች ግን አሁን የሉም። ይህ እንዴት ሆነ?

ባርኔቶች በሩቁ ሆነው ስለ ድሃ የሚያዝኑ ሰዎች አልነበሩም። ቄስ ሳሙኤል ባርኔት በ1873 ምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል ሲመደቡ ባለቤታቸውም አብረው ገቡ። ያኔ ዋይትቻፕል ማለት በአንድ ክፍል አንድ ቤተሰብ የሚታጨቅበት ቦታ ነው። በ1884 ባልና ሚስቱ እዚያው ቶይንቢ ሆልን አቋቋሙ። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ልጆች መጥተው ከሰፈሩ ሰው ጋር እንዲኖሩ ነበር ሐሳቡ። ሀብታምና ድሃ የማይተዛዘኑት ስለማይተያዩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን እምነት ኋላ ይዘውት ወደ ሰሜን መጡ።

ለእረፍት የሚሄዱበት ቤት በሃምፕስቴድ ሜዳ ጥግ ነበራቸው። የምድር ባቡሩ ወደዚያ ሊዘረጋ መሆኑን ሲሰሙ የሚመጣው ታያቸው። ባቡር የደረሰበት መሬት ሜዳ ሆኖ አይከርምም።

መሬቱ ዋይልድስ የሚባል እርሻ ነው። ባለቤቱ ኢተን ኮሌጅ የሚባለው የታወቀ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነበር። ወይዘሮዋ መሬቱን ለመግዛት ሲጠይቁ ያገኙት መልስ በጣም ያስቃል፤ ያናድዳልም። እርስዎን እናውቅዎታለን፣ እናምንዎታለን፤ ነገር ግን ሴት ነዎት፤ ይህን ያህል መሬት ለሴት ብቻ መስጠት ይከብዳል፤ ጥቂት ወንዶች ከኋላዎ ቢያሰልፉ ግን ይሆናል፤ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። አልተሟገቱም። ሁለት መኳንንት፣ ሁለት ሕግ አዋቂዎች፣ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሁለት ሰዎች፣ ከዚያ ላይ አንድ ጳጳስ ጨምረው ተመለሱ። ስምንተኛዋ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁለት ፈርጅ ያዘ። 80 ኤከሩ፣ ማለትም 32 ሄክታር ያህሉ፣ ከሃምፕስቴድ ሜዳ ጋር ተቀላቅሎ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። 243 ኤከር፣ ወይም 98 ሄክታር ያህል፣ ደግሞ ሰፈር እንዲሠራበት በ1907 ተገዛ። ግንቦት 2 ቀን 1907 የመጀመሪያው አፈር ተቆፈረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ጎልደርስ ግሪን ጣቢያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሃምፕስቴድ ዌይ በሚባለው መንገድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጎጆ መሰል ቤቶች አልቀው ሰው ገባባቸው።

የወይዘሮዋ ደንቦች ዝርዝር ሊነበብ የሚገባው ነው። ሁሉም ዓይነት ሰው ይኑርበት። ቤት የሌላውን ቤት እይታ አይጋርድ። መንገዶቹ በዛፍ ይታጀቡ። ግቢ በግንብ ሳይሆን በቁጥቋጦ ይታጠር። ጫካውና መናፈሻው ለማንም ክፍት ይሁን። በሳምንት ደሞዝ የሚኖሩ ሰዎች እንዲገቡ በአንዳንዱ ክፍል የመሬት ኪራዩ ዝቅ ይበል። ጩኸት አይኑር፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ። የቄስ ሚስት ደወል ሲከለክሉ ሳነብ ፈገግ አልኩ። ዋይትቻፕል ሠላሳ ዓመት የሰማ ጆሮ ዝምታ ቢናፍቅ አይገርምም።

ለነዋሪው መጠጥ ቤት አልተፈቀደም። ሱቆቹም ከሰፈሩ መሀል ወጥተው ዳር ላይ፣ ፊንችሊ መንገድ ዳርቻ ተደረደሩ።

መንገዱ

የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር መንገዱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰፈሩን የቀየሱት ሬይመንድ አንዊን ነበሩ፤ ከሥራ ባልደረባቸው ከባሪ ፓርከር ጋር። ሁለቱ ከዚያ በፊት የሌችዎርዝን የአትክልት ከተማ ነድፈዋል። አንዊን ሥራውን ሲጀምሩ ዋይልድስ እርሻ ውስጥ ያለው አሮጌ የገበሬ ቤት ገብተው መኖር ጀመሩ። በዚያ ቤት ቀደም ሲል ቻርልስ ዲከንስ በ1837 ለጥቂት ጊዜ አርፈውበታል። ገጣሚው ዊልያም ብሌክም ለጉብኝት ይመጡበት ነበር። ቀያሹ ሰውዬ ከሚቀይሱት መሬት መሀል ያድሩ ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ሥራቸው ላይ ይታያል። ነባሮቹን ዛፎች ቆጥረው መንገዱን በዙሪያቸው አዞሩት። ቢግ ዉድ እና ሊትል ዉድ የሚባሉት ሁለት ጫካዎች ዛሬም ከቤቶቹ መሀል ቆመዋል።

አንድ እንቅፋት ግን ነበር። ሕግ።

ከ1875ቱ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ሕግ በኋላ የየአካባቢው አስተዳደር አዲስ መንገድ ሰፊ እንዲሆን፣ እንዲነጠፍ፣ ጫፍና ጫፉ ክፍት እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ሕጉ መጥፎ አልነበረም። ኮሌራና የተፋፈገ ጉሮኖ ሰው ፈጅቷል። ብርሃንና አየር ይግባ ነው ነገሩ። ነገር ግን መንገድ ማንጠፍ ገንዘብ ነው። ያነጠፈው ሰው ወጪውን ቤቱ ላይ ይጭነዋል። ቤት ሠሪው ደግሞ ኪራዩ ላይ። በመጨረሻ የሚከፍለው ያው ተከራይ ነው። ወጪውን ለማብቃቃት ቤቶች በረጅም መስመር ተጣብቀው ይሠራሉ። ጤናን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ወታደር የመሰለ መስመር ቤት አፈራ።

አንዊን የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው። አሥር ቤት ብቻ ያለበት፣ ጫፉ የተዘጋ አጭር መንገድ ላይ ማን ይመላለሳል? የወተት ጋሪ። የከሰል ጋሪ። ሕፃናት። ታዲያ ለምን እንደ አውራ ጎዳና ይሰፋል?

ይህን ለማስፈቀድ ፓርላማ ድረስ ተኬደ። በ1906 ለዚህ አንድ ሰፈር ብቻ የሚያገለግል ሕግ ወጣ። በአማካይ በአንድ ኤከር ከ8 ቤት በላይ እንዳይሠራ ይላል፤ በሄክታር ሲመታ 20 ያህል ነው። በመንገድ ግራና ቀኝ በሚተያዩ ቤቶች መካከል ከ50 ጫማ፣ ማለትም ከ15 ሜትር፣ ያነሰ ርቀት እንዳይኖር ይላል። በምትኩ አጫጭሮቹ የውስጥ መንገዶች ከወርድ ደንቡ ነፃ ወጡ።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚለካው ከቤት እስከ ቤት ያለው ክፍተት እንጂ የንጣፉ ስፋት አይደለም። ስለዚህ ያው አሥራ አምስት ሜትር ይቀራል፤ መሀሉ ላይ ጋሪ የምታልፍበት ጠባብ መንገድ፣ የተረፈው ሣር፣ ዛፍ፣ የፊት ግቢ። ሣር ከንጣፍ ድንጋይ ይረክሳል። አየሩ ገባ፣ ወጪው ወረደ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ውበትና ቁጠባ እንዲህ በአንድ መስመር የተገናኙበት ንድፍ ብዙ የለም።

ካርታውን ስታዩት መንገዶቹ እንደ ጣት ገብተው ይቆማሉ። ጣቶቹን የሚያገናኙ ለእግረኛ ብቻ የተተዉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉ። ትዊተን ይሏቸዋል። በሁለት ጓሮ አጥር መሀል ሾልከህ ሌላ መንገድ ላይ ብቅ ትላለህ። መኪና ላለው ሰው ግራ የሚያጋባ ሰፈር ነው። በእግሩ ለሚሄድ ግን አቋራጩ ብዙ ነው።

ሌላው ማዕዘኑ ነው። በተለመደው ሰፈር ሁለት መንገድ ሲገናኝ የጥግ ቤት ጎኑን ይሰጥሃል፤ መስኮት የሌለው ባዶ ግድግዳ። አንዊን ጥግ ላይ ያለውን ቤት ዞር አድርገው ፊቱን ወደ መገናኛው ይመልሱታል። ስትታጠፍ የሚቀበልህ በር ነው፣ መስኮት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን እንግዳን ከሰፈሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ይህ ነው። ግድግዳው ጡብ፣ ጣሪያው የሸክላ ክዳን፣ ከፊቱ ወገብ የሚደርስ የቁጥቋጦ አጥር። የሠራተኛው ቤትና የሀብታሙ ቤት በመጠን እንጂ በቋንቋ አይለያዩም።

ማን ገባበት?

ትረስቱ፣ ማለትም መሬቱን የያዘው ድርጅት፣ ለባለአክሲዮኖቹ ከ5 በመቶ በላይ ትርፍ አያከፋፍልም ነበር። ቤቶቹን ከሠሩት ብዙዎቹ የተከራይ ማኅበራት ነበሩ። ተከራዩ አክሲዮን ይገዛል፤ የራሱ አከራይ ራሱ ይሆናል። በሰሜን ምዕራቡ በኩል የእጅ ባለሙያዎች ክፍል ተሠራ። ለነጠላ ሠራተኛ ሴቶች አርክቴክቱ ቤይሊ ስኮት በ1909 ዋተርሎ ኮርትን ሠሩ። በሣር ግቢ ዙሪያ እንደ ገዳም ባለ ቅስት መተላለፊያ የተያያዙ ትናንሽ መኖሪያዎች ናቸው። ለብቻዋ የምትኖር ደሞዝተኛ ሴት በዚያ ዘመን ሌላ ምርጫዋ የሰው ቤት አንድ ክፍል መከራየት ነበር። ለአረጋውያን ደግሞ ኦርቻርድ የሚባል ቤት ነበር።

መሀል ላይ፣ ኮረብታው ጫፍ፣ አርክቴክቱ ኤድዊን ለትየንስ ሰፊ አደባባይ አወጡ። ባለ ሹል ጣሪያው ሴንት ጁድ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ወገን፣ ባለ ጉልላቱ ፍሪ ቸርች በሌላ ወገን፣ መሀላቸው የትምህርት ተቋም። ሕንፃዎቹ ግሩም ናቸው። አደባባዩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሱቅ የለ፣ ሻይ ቤት የለ፣ መጠጥ ቤት የለ። ሰው ለምን እዚያ ይቆማል? ወይዘሮ ባርኔት ሰዎችን ለማገናኘት ሰፈር ሠርተው፣ ሰዎች በተፈጥሯቸው የሚገናኙበትን ነገር ሁሉ ከመሀሉ አስወጡት። ከሠሯቸው ስህተቶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስህተት በካርታው ላይ ይታያል። የሠራተኛው ቤት በአንድ ጎን፣ የባለጸጋው ቤት በደቡብ ሜዳው ዳር፣ ኮረብታው በመሀል። ሰፈሩ አንድ ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰፈሩ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፋ። ያኛው ክፍል ከመጀመሪያውም ለመካከለኛ ገቢ ሰው የተሠራ ነው። አውራ ጎዳናውም መሀሉን ሰንጥቆት አለፈ። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም።

ለውጡ የመጣው ቀስ እያለ ነው። የተከራይ ማኅበራቱ አክሲዮን ከጊዜ ብዛት ከተከራዮቹ እጅ ወጣ። ቤቶቹ ወደ ንብረት ኩባንያዎች ተሻገሩ። አንድ ተከራይ ሲለቅ ወይም ሲሞት ቤቱ ይሸጣል። ገዢው የእጅ ባለሙያ አይሆንም። ማንም በጉልበት አልተባረረም፤ ስለዚህም ማንም ልብ አላለም። ኦርቻርድ በ1970ዎቹ መግቢያ አካባቢ ፈረሰ።

1967

ሰበርብን ከሥሩ የነቀነቀው ግን ሌላ ሕግ ነው። አስቂኙ ነገር፣ ሕጉን ያወጣው መንግሥት መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት እስኪመጡ ድረስ የሰበርብ ነዋሪ ነበሩ። ሳውዝዌይ በሚባለው መንገድ ይኖሩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰበርብ ባለቤት ቤቱን በሊዝ ይዟል። መሬቱ የትረስቱ ነው። ትረስቱ በሊዝ ውሉ በኩል ነበር ሰፈሩን የሚጠብቀው። መስኮት አትቀይር፣ አጥር አትንቀል፣ ቀለም አትለውጥ የሚለው ሁሉ የውል ቃል ነው። የ1967ቱ የሊዝ ማሻሻያ ሕግ ደግሞ በረጅም ሊዝ የያዘ ባለቤት መሬቱን በግድ የመግዛት መብት ሰጠው። ሕጉ ፍትሐዊ ነበር። በሌሎች ቦታዎች ሊዙ ሲያልቅ ሰው ዕድሜ ልኩን የኖረበት ቤት ለባለመሬቱ ይመለስ ነበር። ለሰበርብ ግን መዘዝ ይዞ መጣ። መሬቱ ከተሸጠ ውሉ የለም። ውሉ ከሌለ ሁሉም በየፊናው ያፈርሳል፣ ይሠራል።

መድኃኒቱ ሕጉ ውስጥ ነበር። አንቀጽ 19፣ አንድ አካባቢ መልኩ እንዲጠበቅ ከተፈለገ፣ ባለመሬቱ፣ መሬቱ ከተሸጠ በኋላም የሚጸና የአስተዳደር ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። በ1968 አዲስ ትረስት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሰፈሩ የጥበቃ ክልል ተባለ። ደንቡን ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1974 አጸደቀው።

በተግባር ምን ማለት ነው? ቤቱም መሬቱም ያንተ ነው። ግብርህን ከፍለሃል። የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ የእንጨት መስኮት አለህ፤ በፕላስቲክ መተካት ፈለግህ። ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ብታገኝ እንኳ ገና ነህ። ትረስቱም መፍቀድ አለበት። ይህን ለሚያስፈጽመው ትረስት ደግሞ ዓመታዊ መዋጮ ትከፍላለህ። የሚከለክለኝን ሰው እኔው እቀልባለሁ ብሎ የሚያማርር ነዋሪ ቢኖር አልፈርድበትም።

ትልቁ ውጊያ አጥሩ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ሠራተኛው መኪና አልነበረውም። ጋራዥ የላቸውም። መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው የፊት ግቢውን አንጥፎ እዚያ ማቆም ያምረዋል። ለዚህ ደግሞ ቁጥቋጦው መነቀል አለበት። አንድ አጥር ሲነቀል ምንም አይመስልም። ሦስት ሲነቀል መንገዱ አፉ ጥርስ እንደጎደለው ይሆናል። ትረስቱ እዚህ ላይ ድርቅ ማለቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዊን የ50 ጫማውን ክፍተት ለሣር ነው ያስፈቀዱት፤ ለጎማ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ምድር ቤት ነው። ወደ ጎንም ወደ ላይም መስፋት የተከለከለ ሀብታም ወደ ታች ይቆፍራል። አንድ ባለይዞታ ትረስቱ ለጎረቤቱ የቁፋሮ ፈቃድ እንዳይሰጥ ለማስከልከል ከሶ ነበር። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ትረስቱ ውሳኔውን የሚሰጠው ለሰፈሩ በጠቅላላ እንጂ ለአንድ ባለይዞታ ምቾት አይደለም ነው ነገሩ።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። የሰበርብ ወግ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን ትረስቱ ላይ ይቀስራል። ቤቱን ሙዚየም አደረጉት፣ ዋጋውን ሰቀሉት ይላል። ጥበቃው ዋጋውን እንደጨመረው አልክድም። የቦታ ውበት ዋስትና ሲኖረው ገዢ ይሻማበታል። ነገር ግን ትረስቱ የተሰጠው ሥራ ጡብና ቁጥቋጦ መጠበቅ ነው። ያንን ጠበቀ።

ጉድለቱ የተፈጠረው ገና በ1906 ይመስለኛል። የቤቱ ብዛት በሕግ ተጻፈ። የመንገዱ ክፍተት በጫማ ተለክቶ በሕግ ተጻፈ። እነዚህ ሁለቱ ዛሬም አሉ። ሠራተኛውና ባለጸጋው አብረው ይኑሩ የሚለው ግን በወይዘሮዋ ዝርዝር ላይ ብቻ ነበር። ኪራዩን ለዘለቄታው የሚያስር አንቀጽ አልነበረም። በጎ ፈቃድ የሚሠራው ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ነው። ወይዘሮ ባርኔት በ1936 ዐረፉ።

ከዚያ ወዲያ ገበያው የራሱን ሠራ። ለድሃ ተብሎ የጠበበው መንገድ ሀብታም የሚሻው ጸጥታ ሆነ። ገንዘብ ለመቆጠብ የተተከለው ሣር ገንዘብ የሚያስወጣ ሆነ። ለነጠላ ሠራተኛ ሴቶች የተሠራው ዋተርሎ ኮርት ዛሬ ተራ የግል መኖሪያ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የለትየንስ አደባባይ ላይ ያለው የትምህርት ተቋም ዛሬ በወይዘሮዋ ስም የሚጠራ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያ የለውም። መግቢያው ፈተና ነው፤ ፉክክሩም ከባድ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተለያየ የለንደን ጥግ ልጃገረዶች በምድር ባቡር ጎልደርስ ግሪን ይወርዳሉ። ከዚያ ኤች 2 የምትባል ትንሽ አውቶቡስ አለች። መንገዱ ስለማይችል ትልቅ አውቶቡስ አይገባም። በሰፈሩ ውስጥ እጅ ለዘረጋላት ሁሉ ትቆማለች። ያ ቀዝቃዛ አደባባይ በዚያ ሰዓት ሞቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ ልጆቹ በመጡበት ይመለሳሉ። ባቡራቸውም ወደ መሀል ከተማ ሲወርድ በኖርዝ ኤንድ ያልፋል።